ስለ ዶሮ ወጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የየአካባቢው ወግና የየቤቱ ክርክር

በሽሮ አሠራር ተከራክረው የተኳረፉ እኅትማማቾች አላውቅም፤ በዶሮ ወጥ የተነሣ ግን ለበዓል የተሰበሰበ ዘመድ ገበታው እስኪቀርብ ድረስ ሳይነጋገር ሲቆይ አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በየበዓሉ ዋዜማ በማድ ቤት ደጃፍ የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ ወግ የሆነውን ከማብሰል ሕግ ለይተው ለማስቀመጥ ይሞክራሉ፤ አብዛኛው ክርክር የሚረዝመው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነውና።

ዶሮ የግድ 12 ብልት ሊወጣው ይገባልን?

በወጉ አዎ፤ ጣዕሙ ግን በቁጥሩ አይለወጥም። በብዙ ቤት የሚታወቀው አቆጣጠር ሁለት ታፋ፣ ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት መላላጫ፣ አንድ ፈረሰኛ፣ አንድ አንገት፣ እንዲሁም ለሁለት የሚከፈል ጀርባ ሲሆን ድምሩ 12 ይመጣል። ብዙ ክርስቲያኖች ቁጥሩን ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር ያያይዙታል። በቁጥሩ የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው፤ ክርክሩ ያለው በአቆጣጠሩ ላይ ነው፤ አንዱ ቤት ጀርባውን እንደ አንድ ብልት ቆጥሮ የጎደለውን ከደረቱ ያሟላል፣ ሌላው ቤት ይህንን እንደ ማጭበርበር ያየዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ቁም ነገሩ ብልቱ አጥንት ሳይሰበር በየመገጣጠሚያው መለየቱ ነው። በኃይል የተቆራረጠ ዶሮ ስንጥር አጥንት በወጡ ውስጥ ይበትናል፤ ስንጥሩም የሚገኘው ብዙ ጊዜ በልጅ ጉሮሮ ወይም በእንግዳ ጥርስ ነው። ቀድሞ የአዲስ ሙሽራ ሙያ የሚለካው በዚሁ ነበር፤ ብልቱን በወጉ ያላወጣች ሙሽራ ወጡ ምንም ቢጣፍጥ ባለሙያ ለመባል ብዙ በዓል መጠበቅ ነበረባት። የሚገርመው፣ በገበታ ላይ ብልቱን አንድ ሁለት እያሉ የሚቆጥሩት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜያቸው አንድ ዶሮ ገንጥለው የማያውቁ ወንዶች መሆናቸው ነው።

የትኛው ብልት ለማን ይሰጣል?

ፈረሰኛው በልማድ የአባወራው ወይም የክብር እንግዳው ድርሻ ነው። ታፋው ለታላላቆች፣ ክንፍና አንገት ለልጆች የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው። ይህ ድልድል የክብር እንጂ የጣዕም አይደለም፤ ፈረሰኛው ከደረት የሚወጣ በመሆኑ ቶሎ የሚደርቅ ሥጋ ነው፤ ለልጆች የሚደርሰው አንገትና ለወጥ ሠሪዋ የሚቀረው ጀርባ ግን አጥንት የበዛበት ስለሆነ መረቁን ጠጥቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ፈረሰኛ ሳይደርሰው በመቅረቱ የሚያኮርፍ ሰው፣ ያኮረፈው ስለ ማዕርጉ መሆኑን አውቆ ቢያኮርፍ መልካም ነው።

ለአንድ ዶሮ ምን ያህል ሽንኩርት ያስፈልጋል? ለምንስ ያን ያህል ሰዓት ይቁላላል?

ለአንድ መካከለኛ ዶሮ 2 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት የብዙ ባለሙያዎች መነሻ ነው፤ ለወጡ መጠን ሲሉ ከዚያ በላይ የሚያደርጉም አሉ። ከክርክሮቹ ሁሉ እውነተኛ የማብሰል ጉዳይ ያለው በዚህኛው ውስጥ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

ከሽንኩርት ክብደት ውስጥ ወደ 89 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው። ይህም ማለት ከ2 ኪሎው ውስጥ 1.8 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው ማለት ነው። ያ ውሃ በድስቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ነጥብ ስለማያልፍ በውስጡ ያለው ስኳር ቀለምና ጣዕም ወደሚያወጣበት ደረጃ አይደርስም። ውሃው አልቆ ሽንኩርቱ ከድስቱ ወለል ጋር መያያዝ ሲጀምር ነው ሥራው የሚጀመረው። ባለሙያዋ በዚያች ሰዓት ጥቂት ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ የያዘውን ታስለቅቃለች፣ እንደገና እስኪመጥ ትጠብቃለች፤ ይህንንም ሽንኩርቱ ቅርጹን አጥቶ እስኪቀልጥና ወደ ቡናማ እስኪያደላ ድረስ ደጋግማ ታደርገዋለች። አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ከአገር አገር የሚለይ፣ ነገር ግን በክርክር ጊዜ ማንም የማያነሣው ምክንያት አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው አዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በደጋ ያለ ዶሮና እንቁላል በቆላ ካለው ዘግይቶ የሚበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ የመጣች እኅት «እኔ ዘንድ ዶሮው ይህን ያህል አይፈጅም» ስትል ጉራ እየነዛች ላይሆን ይችላል።

ሽንኩርቱን በማሽን መፍጨት ይቻላልን?

ይቻላል፤ ነገር ግን የተፈጨ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ውሃውን ሁሉ ስለሚለቅ ለመምጠጥ ረዥም ሰዓት ይወስዳል፣ ጠረኑም ከተከተፈው የከረረ ይሆናል። በእጅ ለመክተፍ ጊዜ የሌለው ሰው ማሽኑን ለአፍታ ብቻ እያስነሣና እያቆመ ደቀቅ ቢያደርገው ይሻላል፤ እንደ ሊጥ እስኪሆን መፍጨት ግን ከመክተፊያ ያተረፉትን ሰዓት በምድጃው ላይ መልሶ መክፈል ነው።

ዘይት ወይም ቅቤ መቼ ይገባል?

የጥንቱ ሥርዓት ሽንኩርቱ ያለ ቅባት እንዲቁላላ፣ በርበሬው ከገባና ከበሰለ በኋላ ቅቤ እንዲከተል ነው። ምክንያትም አለው፤ ቅባት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ሳይቀልጥ ዳር ዳሩ ይጠበሳል፤ ወጡም አንድ ወጥ ከመሆን ይልቅ ሽንኩርቱ ለብቻው የሚታይ ይሆናል። ዘይት ቀድመው የሚጨምሩ ሰዎች «እንዳይዝ ነው» ይላሉ፤ መያዙ ግን እላይ እንዳየነው የሥራው አካል እንጂ ጉድለት አይደለም። ሰነፍ እጅ ብቻ ነው መያዝን የሚፈራው፤ ይህንን ያልኩት እኔ ሳልሆን አክስቴ ናት፤ እኔም ለዓመታት ዘይት ካስቀደምኩ በኋላ ነው የተስማማሁት።

ቲማቲም ይገባል ወይስ አይገባም?

በዶሮ ወጥ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ደም የሚያፈላ ጥያቄ የለም። በሸዋ፣ በጎንደርም ሆነ በጎጃም ያደጉ ብዙ ሰዎች ቲማቲም የገባበትን ወጥ «ስጎ» ብለው ያጣጥሉታል። በትግራይና በኤርትራ ቤቶች ግን ጸብሒ ደርሆ ቲማቲም ወይም ሳልሳ ቢጨመርበት ማንም አይደነቅም።

ከማብሰል አንጻር የሚባለው አጭር ነው፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት ሽንኩርት እንዳይሟሟ ያደርጋል፤ ስለዚህ የሚገባ ከሆነ ሽንኩርቱ ከቀለጠ በኋላ እንጂ አብሮ መግባት የለበትም። «ቲማቲም የባዕድ ነው» የሚለው ክስ ግን የሚያስኬድ አይደለም። ቲማቲም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ እውነት ነው። በርበሬም የመጣው ከዚያው ነው። ሁለቱም ከ1492 የኮሎምበስ ጉዞ በፊት ከአሜሪካ ውጭ አይታወቁም ነበር። ቲማቲሙን በባዕድነቱ ከማድ ቤት የሚያስወጣ ሰው፣ ያንኑ ያህል ባዕድ የሆነውን በርበሬ በጭልፋ እየለካ እየጨመረ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

እንግዲያውስ ቀዩ ዶሮ ወጥ ጥንታዊ አይደለምን?

ዶሮው ራሱ በአገራችን እጅግ ቀደምት ነው። በትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ የመኖሪያ ስፍራ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት 8ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ድረስ የሚዘልቁ ናቸው። በርበሬ የደረሰን ግን ከ1500ዎቹ ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው የዶሮ ወጥ ቀይ ሊሆን አይችልም። ዛሬ ለሕፃናትና ለጨጓራ ሕመምተኞች ተብሎ በእርድ የሚሠራው አልጫ ዶሮ፣ ብዙ ሰው እንደ ምትክ ቢያየውም፣ በዕድሜ ከቀዩ የሚያንስ ወገን አይመስለኝም። በርበሬ በመጣ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ያለእርሱ ወጥ የለም እስኪባል መድረሱ ግን አስደናቂ ነው፤ የማረቆ በርበሬ የሚባለው በመላ አገሪቱ በስሙ የሚፈለገው በዚሁ የተነሣ ነው።

ከአካባቢ አካባቢ ምን ይለያያል?

ስሙም ቅመሙም ይለያያል። በትግርኛ ጸብሒ ደርሆ፣ በአፋን ኦሮሞ ኢቶ ሉኩ ይባላል። በትግራይ ቅቤው ጠስሚ ሲሆን፣ በርበሬውን ከቅመም ጋር አሽቶ በድልህ መልክ ማዘጋጀት የታወቀ ነው። በጉራጌ የበዓሉ ንጉሥ ክትፎ ስለሆነ ዶሮ ወጥ በመስቀል ያን ያህል ቦታ የለውም፤ ከዚያ አካባቢ የመጣ ቅቤ ግን ኮሰረት ስለሚነጠርበት፣ ዶሮ ወጥ ላይ ሲውል ጠረኑ ወዲያው ይታወቃል። ለዚህም ነው ሁለት ሙዳ የምትሆን ቅቤ ከየት እንደመጣች ሳይነገር በጠረኗ ብቻ የምትለየው። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራቡ ደን ተክል ነው፤ ዛሬ ግን ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለ እርሱ የሚነጠር ቅቤ ብርቅ ነው።

አንዳንድ ቤት ወጡ በድፎ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ተጠቅልሎ አብሮ ይጋገራል፤ ዶሮ ዳቦ ይባላል። በእንጀራ ካልሆነ ዶሮ ወጥ አይባልም የሚል አጎት ባለበት ቤት እንኳ፣ ዶሮ ዳቦ ሲቀርብ ክርክሩ ለጊዜው ይቆማል።

«የጎንደር አሠራር» ወይም «የሸዋ አሠራር» ተብሎ የሚነገረውን ግን በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው የእናቱን ቤት አሠራር ለአንድ አውራጃ ሁሉ ሰጥቶ ነው የሚከራከረው፤ ከዚያው አውራጃ የመጣ ሌላ ሰው ሲገኝም ከሁሉ በፊት የሚቃወመው እርሱ ነው።

ዶሮውን በሎሚና በጨው ማጠብ አስፈላጊ ነውን?

በእኛ አሠራር ቆዳው ከላባው ጋር ይገፈፋል፤ ሥጋውም በሎሚና በጨው እየታሸ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። የዚህ ዓላማ ደምን፣ የላባ ቅሪትንና ጠረንን ማስወገድ ነው፤ ሎሚው ለጠረኑ ይበጃል። በሌላ በኩል በብዙ አገሮች የምግብ ደኅንነት ተቋማት ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላሉ፤ የሚረጨው ውሃ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ሕመም አምጪ ባክቴሪያዎችን ወደ ዕቃና ወደ ሰላጣ ስለሚያደርስ ነው። ልጆች ይህን አንብበው «እማዬ፣ መታጠብ የለበትም» ሲሏት እናት የምትሰማው «ቆሻሻ እናብላ» የሚል ሆኖ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ከቧንቧ ሥር ከመያዝ ይልቅ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳይረጩ ማጠብ፣ ቀጥሎም ሳህኑን፣ ማጠቢያውንና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው ሎሚው ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ የሥጋው ውስጠኛ ክፍል 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ስጋቱ ያበቃል፤ በወጥ ውስጥ የሚንተከተክ ዶሮ ደግሞ ይህንን በብዙ ያልፋል።

የሀበሻ ዶሮ ይሻላል ወይስ የፈረንጅ?

የሀበሻ ዶሮ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ሲሮጥ የዋለ ስለሆነ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቢንተከተክ ብልቱ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ወጡንም ያጣፍጣል። በስድስትና በሰባት ሳምንት ለእርድ የሚደርሰው የፈረንጅ ዶሮ በዚያው ሰዓት ቢተው ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። መፍትሔው ዶሮውን መውቀስ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው፤ ቁሌቱን ሙሉ በሙሉ ጨርሶ፣ ዶሮውን በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ገደማ ማስገባት ነው።

ቅዳም ሹር ወጥ የሚሠራ ሰው ጨውን እንዴት ይቀምሳል?

አይቀምስም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የፋሲካ ወጥ ደግሞ የሚሠራው ጾሙ ሳይፈታ በዋዜማው ነው። ስለዚህ የዓመቱ ትልቁ ወጥ የሚሠራው ሠሪዋ ሳትቀምሰው ነው፤ በመዓዛው፣ በቀለሙና በእጅ ልምድ ብቻ።

በእኛ ቤት ቀማሹ እኔ ነበርኩ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ ከማማሰያው ጫፍ በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ እፍ ብላ አቀዝቅዛ ትሰጠኝ ነበር።

«ጨው በቃው?»

«አልበቃውም፣ እማማ።»

«ደግመህ ቅመስ።»

ሁለተኛውን ጠብታ ለማግኘት ስል ጨው እንደሚያንስ የተናገርኩበት ዓመት ነበር፤ አያቴም አምናኝ አንድ ቁንጥር ጨመረች። በማግስቱ እንግዶቹ ውሃ ሲያበዙ፣ አያቴ ከገበታው ማዶ ሆና ምንም ሳትናገር አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ። በሚቀጥለው ዓመት የሦስት ዓመቷ እኅቴ ተሾመች።

እንቁላሉ መቼ ይገባል? ስንትስ ይሁን?

ለየብቻው ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ወጡ ሊወርድ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይገባል። ለእያንዳንዱ ተመጋቢ አንድ እንዲደርስ ማሰብ ይበቃል። ወጡ ወደ ውስጥ እንዲገባ በቢላ ጫር ጫር ማድረግ የተለመደ ነው። በዕለቱ የተጣለ እንቁላል ልጣጩ ስለሚያስቸግር፣ ከጥቂት ቀን በፊት የተገዛ ይመረጣል።

መከለሻ ለምን በመጨረሻ ይሆናል? ጠጅስ ይጨመራልን?

ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጢሚዝና ሌሎችም የሚገቡበት መከለሻ ዋጋው በመዓዛው ላይ ነው፤ መዓዛው ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚሄድ ቀድሞ ከገባ ከደጅ ላለ ጎረቤት ይደርሳል እንጂ በድስቱ ውስጥ አይቀርም። ጠጅ ወይም ወይን ጠጅ በቁሌቱ ላይ ጠብ የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፤ የበርበሬውን ምሬት ያለዝበዋል። ስኳር መጨመር ግን ሽንኩርቱ በደንብ ባለመቁላላቱ የሚመጣን ጉድለት መሸፈኛ ነው፤ በዚህ ላይ ከአማቴ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ማድ ቤት ሲገናኙ ማን ይወስናል?

በወጉ የቤቱ ባለቤት ትወስናለች፤ በተግባር ግን በዕድሜ የምትበልጠው ናት። ምራት በራሷ ቤት እየሠራች አማት «ልጄ፣ በርበሬው አልበሰለም» ስትላት፣ «እሺ እማማ» ብላ እሳቱን ትንሽ ቀነስ አድርጋ በራሷ መንገድ የምትቀጥልበት ብልሃት የቆየ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ሥራውን ይከፋፍላል፤ ቁሌቱን አንዷ፣ ብልቱን ሌላዋ ትይዛለች። የማይሠራው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ማማሰያ በአንድ ድስት ውስጥ ማስገባት። ወጡ ካረረ ጥፋተኛው አይታወቅም፣ ካማረም ምስጋናው ለሌላ ክርክር ይሆናል።

የተረፈው ስንት ቀን ይቆያል?

ከምድጃ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ የገባ ወጥ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል። ሲሞቅ በደንብ መንተክተክ አለበት፤ ለብ ማለቱ አይበቃም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጧትና ማታ እያፈሉ ማቆየት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ብልቱና እንቁላሉ አስቀድሞ ተበልቶ መረቁ ብቻ ቢቀር ይመረጣል፤ እርሱም በማግስቱ ጧት በደረቅ እንጀራ ይፈተፈታል።